ዕቅድን ስለሚገቱ የእንግሊዝኛ ቃላት

የሰው ዕቅድ ሳይፈጸም መቅረቱን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙዎች ናቸው። ይህ ንግግር በራዲዮ ሲተላለፍ ያዳመጣችሁ ሁሉ የቃላቱ ድምፅ ፈጥኖ ሳያልፍባችሁ አልቀረምና፥ ዛሬ ረጋ ብላችሁ እንድትመለከቱአቸው በጽሕፈት አቅርበንላችኋል። ነገሩ የባዕድ ቋንቋ ይሁን እንጂ ምሳሌዎቹን የምናመጣው ከገዛ አገራችን፥ ይልቁንም ከሐረር ከተማ ነው። ሐረር የነጋዴና የአሳሽ፥ የመስፍንና የጦር አዝማች መንገድ ሲገናኝባት የኖረች ከተማ ናትና፥ ያቀደው የሆነለትም ያልሆነለትም ሰው በታሪክዋ ውስጥ አይታጣም።

«ለአንድ አሳብ አንድ ቃል አይበቃምን? ዕቅዱ ከሸፈ ብሎ መተው አይቻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ሥራ በጀመርሁበት ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ስለዚህ አሳቤን ካስለወጠኝ ነገር ልጀምር።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት የትርጉም ሥራ እንደ ያዝሁ፥ በምሥራቅ ሐረርጌ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ስለሚዘረጋ የውሃ ቧንቧ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። ባለሙያው የጻፈው፥ መገጣጠሚያዎቹ ከመጋዘን በጊዜው ስላልወጡ ሥራው «ሃምፐርድ» ሆኖአል የሚል ነበር። እኔም መዝገበ ቃላት ገልጬ፥ ከተደረደሩት ትርጉሞች መካከል ለጆሮ የሚከብደውን መረጥሁና «በመጋዘን በተደረገ አሻጥር ሥራው ከሸፈ» ብዬ ጻፍሁ።

ሥራው ግን አልከሸፈም፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር እንጂ። አሻጥርም አልነበረም፤ ዕቃውን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ከፈራሚዎቹ አንዱ ታመው ቀርተው ነበር። የኔ አማርኛ ግን ለአለቆች ደረሰ። የመጋዘኑ ጠባቂ፥ ጠጉራቸው የሸበተ አዛውንት፥ ከሥራ ታግደው ለመርማሪዎች መልስ እንዲሰጡ ተጠሩ። እንግሊዝኛ የሚያውቁ አንድ ነባር ሠራተኛ ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይተው ስሕተቱን እስኪያገኙ ድረስ አንድ ወር አለፈ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብሄድ ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ እኔ እኮ ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ መንገድ ዘጊ አይደለሁም» አሉኝ። «ጋሼ፥ ጥፋቱ የኔ ነው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ቃላትን ለማስጌጥ የሚደረግ አይደለም። ዕቅድ ቀረ ብለን ስንናገር የምንመርጠው ግሥ ሳናውቀው በሰው ላይ ይፈርዳልና፥ ነገሩ የፍርድ ነገር ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ቃላት እንመርምር። አማርኛችን በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ጥይት ሳይተኮስ ሲቀር «ከሸፈ» እንላለን፤ ሤራም ሳይፈጸም ሲቀር እንዲሁ። ፅንስ ጊዜው ሳይደርስ ሲወርድ «ጨነገፈ» ይባላል፤ የተጀመረ ሥራም መካከል ላይ ሲጠፋ ተጨናገፈ ይባላል። ፈረሰኛ ልጓሙን ስቦ ፈረሱን «ይገታል»፤ መንግሥትም ወረርሽኝን ይገታል። መንገደኛ በድንጋይ «ይደናቀፋል»፤ ተነሥቶ ግን ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የከሸፈ ጥይት አልተተኮሰም፥ የጨነገፈ ፅንስ አይመለስም፥ የተገታ ፈረስ ግን በሕይወት አለ፥ የተደናቀፈም ሰው ይነሣል። አራቱን ግሦች ያለ ልዩነት የሚጽፍ ሰው፥ የሞተውን ከቆመው፥ የወደቀውንም ከተነሣው ሳይለይ ይቀራል። እንግሊዝኛውም በዚሁ ዓይነት የተከፋፈለ ነው።

ከቆመው ነገር እንጀምር። «ኦብስትራክት» የሚለው ቃል ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ጥንተ ትርጉሙ ፊት ለፊት መገንባት ማለት ነው። ለዚህ ቃል ከጀጎል ግንብ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይገኛል? በ16ኛው ምዕተ ዓመት ኤሚር ኑር ከተማይቱን ከጥቃት ለመጠበቅ እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ግንብ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን፥ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። እነርሱም የሸዋ በር፥ የቡዳ በር፥ የሰንጋ በር፥ የኤረር በርና የፈላና በር ናቸው። ግንብና ከተማ በአንድነት በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ግንብ አሳብ የለውም፤ ማንንም አይጠላም፤ ባለበት ይቆማል እንጂ። ስለዚህ ተራራ፥ ወንዝ፥ ግንብ ወይም የተጋደመ ዛፍ መንገድን ሲዘጋ ግሡ «ኦብስትራክት» ነው፤ በአማርኛም «ዘጋ» ወይም «አገደ» ብንል ይስማማል። ከዚህም በቀር መሰናክል ሁሉን እኩል አያግድም። ጦር የሚያግደው ይኸው የጀጎል ግንብ በሥሩ ቀዳዳዎች ስላሉት ጅብ በሌሊት ገብቶ ይወጣል።

ሁለተኛው ቃል «ዲተር» ነው። ይህም ከላቲን ሲሆን አስፈራርቶ ማራቅ ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ዕቅዱ በተግባር አልተጀመረም፤ አቃጁ አስቦ ሳለ ፈርቶ ተወው። ሐረር ለብዙ ዘመን ለኤውሮፓውያን የተዘጋች ከተማ በመባል ትታወቅ ስለ ነበረች፥ ሊጐበኙአት የሚሹት አብዛኛዎቹ ከሩቅ ይቀሩ ነበር። እነዚህን ሰዎች ማንም በመንገድ ቆሞ አልመለሳቸውም፤ ዝናዋ ብቻ መለሳቸው። በ1847 ዓ.ም. ግን እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ፤ ወደ ከተማይቱ ሲቃረብም እንግሊዛዊነቱን ገልጾ ገባ። በኤሚር አሕመድ ፊት ቀርቦ አሥር ቀን ያህል ከተቀመጠ በኋላ በሰላም ወጣ። ስለ እርሱ የሚጽፍ ሰው «ዝናው አላስፈራውም» ማለት ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ግን በርተን ሌላ ዕቅድ ነበረው። ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ውስጥ አገር ሊዘልቅ ሲዘጋጅ በሰፈሩ ላይ ሌሊት ጥቃት ተጣለበት። ከጓደኞቹ አንዱ ሞተ፤ ኋላ ስለ ዓባይ ምንጭ ስሙ የገነነው ስፒክ ክፉኛ ቆሰለ፤ በርተንም ጉንጩን በጦር ተወጋ። ጉዞውም ቀረ። እዚህ ላይ «ዲተር» አይሆንም፤ «ኦብስትራክት»ም አይበቃም። የሚስማማው «ትዋርት» የተባለው ቃል ነው።

«ትዋርት» ከጥንት የስካንዲናቪያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በአግድም» ማለት ነው። በጀልባ ውስጥ ከጎን እስከ ጎን የተጋደመው የቀዛፊ መቀመጫ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ትዋርት» ማለት በአንድ ሰው ዕቅድ መንገድ ላይ ተጋድሞ ማስቀረት ነው። ግንብም ይጋደማል፥ ትሉ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ «ትዋርት» በሚለው ውስጥ የሁለት ፈቃዶች ግጭት አለ። አንዱ ይህን ላድርግ ይላል፤ ሌላው አታደርግም ይላል። ድንጋይ ይዘጋል እንጂ እንዲህ አይልም።

ከቅርቡ ታሪካችን ምሳሌ እንጨምር። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ጦር ጅጅጋን ከያዘ በኋላ በካራማራ ተራራ አልፎ ወደ ሐረር ገሠገሠ። በከተማይቱ ዙሪያ ለወራት የቆየ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ሐረር ግን አልተያዘችም። በጥር ወር የተደረገው የመጨረሻ ማጥቃትም ተመለሰ፤ በየካቲት 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊትና የኩባ ወታደሮች ካራማራንና ጅጅጋን መልሰው ያዙ። ሐረርን የመያዙ ዕቅድ በግንብ አልተዘጋም፤ በፍርሃትም አልተተወም፤ በመንገዱ ላይ የተጋደሙት ሰዎች ናቸው ያስቀሩት። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕይወት የጠፋበት ነገር በመሆኑ፥ ይህን ዓይነቱን ታሪክ «ተስተጓጐለ» በሚል ቀላል ግሥ መግለጽ የሞቱትን ማቃለል ይሆናል። ቃል ሲከብድ ሰውን እንደሚጐዳ ሁሉ፥ ሲቀልም ይበድላል።

የ«ትዋርት» የቅርብ ዘመድ «ፎይል» ነው። ይህ ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መርገጥ፥ መረጋገጥ ማለት ነበር። ወደ አዳኞች ቋንቋም ገብቶአል፤ የሚታደን አውሬ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ሲረግጠው ጠረኑ ይደባለቅና ውሻው ዱካውን ያጣል። በዚህም ምክንያት «ፎይል» ዘወትር የብልሃት ቃል ነው። የተሰወረ ሤራ ሲገለጥ፥ ሌባ መስኮቱን ሳይከፍት ዘበኛ ሲደርስበት፥ በሐሰት ወረቀት ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ አታላይ በገንዘብ ያዡ ንቃት ሲያዝ «ፎይል» ይባላል። የእኛ «ከሸፈ» በእውነት የሚስማማው ለዚህ ቃል ነው፤ ጥይቱ ተጐርሶአል፥ ቃታው ተስቦአል፥ ነገር ግን አልተተኮሰም። እንግዲህ ሤራ በሌለበት «አከሸፈ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፥ የሌለ ሤራ ፈጥሮ ማስገባቱ ነው።

ሦስተኛው የዚህ ቤተ ሰብ ቃል «ፎርስቶል» ሲሆን ታሪኩ ከገበያ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ በመንገድ ላይ አድፍጦ መጠበቅ ማለት ነበር። ኋላም ገበሬው ዕቃውን ወደ ገበያ ሲያመጣ፥ ገበያው ሳይደርስ በመንገድ ላይ ቀድሞ ገዝቶ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ በዚህ ስም ይከሰስ ነበር። በእንግሊዝ አገር ይህ ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1844 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። በየገበያችን ደላላው ማልዶ በበር ቆሞ ገበሬውን ሲቀበል ያየ ሰው ቃሉን ያለ መምህር ይረዳዋል። ዛሬ «ፎርስቶል» ማለት ሌላው ሊያደርግ ያሰበውን ቀድሞ በመገኘት ማስቀረት ነው።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የ1909 ዓ.ም. መስከረም ነው። ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፥ መስከረም 17 ቀን በአዲስ አበባ መሳፍንቱና መኳንንቱ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዱአቸው፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፥ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ ከሐረር የሚያስቡት ማናቸውም ነገር ቢኖር፥ ዋና ከተማው ቀድሞ ተይዞአል። የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ከወሎ የተነሣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበርና በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ድል ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጦር በፊት የሠራው ጊዜ ነው። «ቀደሙአቸው» የሚለው አጭር አማርኛ «ፎርስቶል»ን በሙሉ ይገልጸዋል።

እስካሁን ባላጋራ ያለባቸውን ቃላት ተመለከትን። አሁን ደግሞ ባላጋራ የሌለባቸውን እንመልከት፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በእነዚህ ነውና። «ሂንደር» ማለት ወደ ኋላ ማስቀረት፥ ማዘግየት ነው። እኔን ያሳሳተኝ «ሃምፐር» ደግሞ እጅና እግር እንደ ታሰረበት ሰው እንቅስቃሴን ማወክ ነው። በሁለቱም ውስጥ ሥራው አልሞተም፤ ይንፏቀቃል እንጂ ይሄዳል። «ፍረስትሬት» ግን ከላቲን «በከንቱ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ድካም ሁሉ ተደክሞ የታሰበው ፍሬ ሳይገኝ ሲቀር ይነገራል። የኛ «መና ቀረ» ይህ ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል ለዕቅዱም ለሰውየውም ያደርጉታል፤ ዕቅዱ መና ሲቀር ባለ ዕቅዱም በብስጭት ይቃጠላልና።

ሦስቱን በአንድ ሰው ታሪክ ላይ እንመልከት። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ፥ ዛሬ በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤተ መዘክር ያለለት፥ ግጥም መጻፉን ትቶ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር ገባ። በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ታጁራ ላይ ተዘጋጀ። እዚያም አንድ ዓመት ያህል ቆመ። ግመል አልተገኘም፤ መሣሪያ የማሳለፉም ፈቃድ ችግር ሆነ፤ ላባቱ በነቀርሳ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም ሞተ። እስከዚህ ድረስ ያለው «ሂንደር» እና «ሃምፐር» ነው፤ ጉዞው ዘገየ እንጂ አልቀረምና። በ1879 ዓ.ም. ራምቦ ብቻውን ግመሎቹን ነድቶ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ደረሰ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ነበር። ሲመለሱ ከሐረር ያገኙትን መሣሪያ አስይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ የራምቦን ጠመንጃ እንደ ቀድሞው አጥብቀው አይሹትም ነበር፤ በጅምላ በረከሰ ዋጋ ገዙት። የሟቹ የላባቱም ዕዳ በራምቦ ላይ ወደቀ። ከተቀረው ዋጋም የሚበልጠውን በጥሬ ብር አላገኘም፤ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ ከተሾሙት ከደጃዝማች መኰንን፥ ኋላ ራስ ከተባሉት፥ እንዲቀበል የክፍያ ወረቀት ተጻፈለት። እርሱም ያን ወረቀት ይዞ ወደ ሐረር ተጓዘ። እንግዲህ ይህን ሰው ማን አከሸፈው? ማንም። ንጉሡ ሐረርን የያዙት እርሱን ለመጉዳት አልነበረም፤ ግመል ጠፋ፥ ባልንጀራ ሞተ፥ ዋጋ ወደቀ። ዕቅዱ «ፍረስትሬት» ሆነ፤ ድካሙ መና ቀረ። «ተንኮል ተሠራበት» ብሎ የሚጽፍ ግን ታሪክን ይበድላል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ምድር ባቡሩ እንሻገር። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ፥ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በመጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ያቀደ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ መስመሩ በ1,200 ሜትር ገደማ ባለው ሜዳ በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩን ከሐረር ያስቀረው ተራራው ነው፤ ግሡም «ኦብስትራክት» ነው። የሐረር ነጋዴዎች ተስፋ ግን «ፍረስትሬት» ሆነ፤ ለዘመናት ወደ እነርሱ ይመጣ የነበረው ሲራራ ንግድ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞሮአልና። አንድ ነገር ከሁለት ወገን ሲታይ ሁለት ግሥ እንደሚያሻው ከዚህ ይታወቃል።

ባቡሩ ከድሬዳዋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆመ። ገንዘብ አለቀ፤ የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ጉዳይ ውስጥ መግባቱ አፄ ምኒልክን አስቈጣቸው፤ እንግሊዞችና ጣልያኖች ደግሞ መስመሩ በፈረንሳይ እጅ ብቻ እንዳይሆን ይከራከሩ ነበር። ሦስቱ መንግሥታት በ1899 ዓ.ም. ከተዋዋሉ በኋላ፥ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ለዚህ ዓይነቱ መቆም እንግሊዞች «ስታይሚ» የሚል ቃል አላቸው፤ የመጣውም ከጎልፍ ጨዋታ ነው። የአንዱ ተጫዋች ኳስ በሌላው ኳስና በጉድጓዱ መካከል በቀጥታ ሲያርፍ መንገዱን ይዘጋበት ነበር፤ በሕጉም መሠረት ኳሱን ማንሣት አይፈቀድም ነበር። ይህ ሕግ በ1952 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ቀርቶአል፤ ቃሉ ግን አልቀረም። አንዱ ጥቅም በሌላው ጥቅም ፊት አርፎ፥ ማንም ሳያሸንፍ ሁሉም ሲቆም «ስታይሚ» ይባላል። እኛ «ነገሩ ተቋጠረ» የምንለው ለዚህ ይቀርባል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ወደሚያሻው ቃል ደርሰናል፤ እርሱም «ሳቦታዥ» ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን «ሳቦ» ከሚባለው የእንጨት ጫማ የወጣ ነው። ሠራተኞች ጫማቸውን በመኪና ጥርስ ውስጥ ወርውረው ሥራ አስቆሙ የሚለው ተረት ማስረጃ የለውም፤ ግሡ በመጀመሪያ በዚያ ጫማ እየተንቋቋ እንደሚሄድ ሰው ሥራን አበላሽቶ መሥራት ማለት ነበር። ዛሬ ግን ሆን ብሎ፥ በስውር ማበላሸት ነው። በ1969 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር ድልድዮች በፈንጂ ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥ ግሡ በትክክል ይህ ነው፤ እጅም አለ፥ አሳብም አለ፥ ጉዳትም አለ። የኛ «አሻጥር» በዚህ ትርጉም የታወቀ ነው። በደርግ ዘመን «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚባለው ክስ ሰውን እስከ ሞት ያደርስ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። እንዲህ ያለውን ቃል ለዘገየ ፊርማ መስጠት ለትንኝ መድፍ እንደ መተኮስ ነው፤ ከዚህም የከፋው፥ መድፉ የሚያርፈው በጎረቤት ላይ መሆኑ ነው።

ሁለት ቃላት ብቻ ይቀሩናል። አንዱ «ሃምስትሪንግ» ነው፤ ይህም የእንስሳን ወይም የሰውን ቋንጃ መቁረጥ ማለት ነው። ዛሬ በጀቱ ወይም ሥልጣኑ ተቀንሶ ቆሞ መሥራት ላልቻለ መሥሪያ ቤት ይነገራል። አማርኛችን «ቋንጃውን ተቆረጠ» ሲል ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ አካል ላይ መገናኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ሁለተኛው «አንደርማይን» ሲሆን፥ ከበባ ያደረገ ጦር ከግንብ ሥር ቆፍሮ ግንቡን ሲጥል የሚነገር ነበር። ዛሬ ቀስ በቀስ፥ ከሥር ለሚደርስ ጉዳት ይሆናል። የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ነገር ግን ውሃው ለከተማም ለመስኖም ተቀዳ፤ ዛፍ ከተመነጠረበት ተረተር አፈር ታጥቦ ገባበት፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽም ሐይቁ ደረቀ። ከተማይቱም ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ለማምጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሶአል። የሐረርን የውሃ ዕቅድ ያጠፋ አንድ ጠላት አልነበረም፤ ሺህ ሰው ሺህ ጊዜ በየበኩሉ ጥቂት ጥቂት ወሰደ። እንዲህ ላለው ነገር «ሥሩ ተማሰ» ወይም «ተሸረሸረ» ማለት ይገባል። አንድ ወንጀለኛ ፈልጎ የሚነሣ ሰው ግን ማንንም አያገኝም፤ ወይም ከዚህ የባሰ፥ ንጹሕን ሰው ያገኛል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ እነዚህን ሁሉ ቃላት በአንድ ቀን መያዝ ያስቸግር ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን መያዝ ይበቃል። አንደኛ፥ ያስቀረው ሰው ነው ወይስ ነገር? ሰው ከሆነስ አስቦበት ነውን? ሁለተኛ፥ በየትኛው ሰዓት ላይ ነው፤ ሳይጀመር፥ ተጀምሮ ወይስ ፍሬው ሊለቀም ሲል? ሦስተኛ፥ ከዕቅዱ ምን ተረፈ፤ ዘገየ፥ ቆመ ወይስ ሞተ? ሦስቱ ሲመለሱ ግሡ ራሱ ይመጣል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ዕቃው ጠባይም እንድናስብ ያስገድዳል። ከሐረር አጠገብ ባለችው በአወዳይ ገበያ ቡናና ጫት የጫኑ ሁለት መኪናዎች በጎርፍ ምክንያት በአንድ ድልድይ ላይ ሁለት ቀን ቆሙ እንበል። የቡናው ነጋዴ «ዘገየብኝ» ቢል እውነት ነው፤ ቡናው እንዳለ ነውና። ጫት ግን ከተቀጠፈ ሁለት ቀን ሲያልፈው ዋጋው ይወድቃል፤ የጫቱ ነጋዴ «መና ቀረብኝ» ቢል እርሱም እውነቱን ነው። ድልድዩ አንድ፥ ጎርፉ አንድ፥ ሰዓቱም አንድ ሲሆን ግሡ ግን ሁለት ነው። ሁለቱም ነጋዴዎች «አሻጥር ተሠራብን» ቢሉ ሐሰት ይሆናል፤ ጎርፍ አይሸርብምና።

እኔ ዛሬም ዜና ስተረጕም «ሃምፐር» የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ብዕሬን ጥቂት አቆማለሁ። ያቺ አንዲት ግሥ አንድ ሽማግሌን ከቁልፋቸው ለይታ አንድ ወር በቤታቸው አስቀምጣቸዋለች። እናንተም ደብዳቤ ስትጽፉ፥ አቤቱታ ስታዘጋጁ ወይም ለልጆቻችሁ የሆነውን ስትነግሩ፥ «አሰናከለኝ» ከማለታችሁ በፊት በእውነት በመንገዳችሁ ላይ የተጋደመ ሰው መኖሩን ተመልከቱ። ካለ በስሙ ጥሩት። ከሌለ ግን ቃሉን ለድንጋዩ፥ ለጎርፉና ለዘገየችው ፊርማ ተዉት፤ ቁልፍ ያዡንም በሰላም ወደ ሥራው እንዲገባ አሰናብቱት።